ለብረቱ ነው የምበላው!

ወዳጄ ሥጋ ቤት ገብቶ ኪሎ ቁርጥ ያዝዝና «ለብረቱ ብዬ እኮ ነው» ይላል። ለብረቱማ ከሆነ ምናለሽ ተራ ይቀርብህ ነበር፤ እዚያም በኪሎ ነው የሚሸጠው፣ አዋዜም አያስወጣህም።

«በሳይንስ አትቀልድ!» አለኝ። እሺ፣ ሳይንሱን እስከ ታች እንከተለው። ከሥጋ ብረት ሰውነትህ የሚወስደው ከፊሉን ነው፤ የተረፈው ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ኢ.ኮላይንና ዘመዶቹን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ብረት የሚለቅም ሞለኪውል እያመረቱ ይሻሙበታል። ላክቶባሲለስ የሚባሉት ጨዋዎቹ ግን ለብረት ብዙም ግድ የላቸውም። እንግዲህ ግብዣህ ማንን እንደሚያጠግብ ገባህ? ከኢ.ኮላይ ዝርያዎች አንዳንዱ ኮሊባክቲን የሚባል መርዝ አምርቶ የአንጀትህን ሕዋስ ዲኤንኤ ይጎዳል። በልቶ የሚያማ እንግዳ ለምደናል፤ ይሄኛው ግን በልቶ የቤቱን ካርታ የሚሰርዝ ነው! ሥጋውን የሚያቀላው ሂም የተባለው ብረትም አንጀት ውስጥ ካንሰር አምጪ የናይትሮሶ ውህዶች እንዲፈጠሩ ያግዛል።

«ጤፍስ ብረት የለውም?» አለ፣ ያሸነፈ መስሎት። አለው፤ አንዳንዴማ ከአውድማው አፈር ተጨምሮበት። ግን ሂም አይደለም፤ ደግሞ ፋይበር ይዞ ነው የሚመጣው። ፋይበሩን ባክቴሪያዎቹ አብላልተው ቡቲሬት ያደርጉታል፣ የአንጀትህ ግድግዳ የሚመገበው እሱን ነው። የአንተ ቁርጥ ምን ይዞ መጣ? ቢራ!

«ቁርጥ ሲጋራ ሆነ በለኛ!» አልወጣኝም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 እ.ኤ.አ. ቀይ ሥጋን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት መደበው። ማስረጃው የጠነከረባቸው እነ ሞርታዴላና ቋሊማ ናቸው፤ በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል። ምድቡ የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የጉዳቱን መጠን አይለካም። ይሄን ስነግረው ደስ ብሎት ግማሽ ኪሎ ጨመረ።

«ምን ላድርግ፣ ደም አንሶሃል ተብዬ ነው!»

እዚህ ላይ ሳቄ ቆመ። አንተ ሰው፣ ሃምሳን ያለፍክ ወንድ ነህ፤ የወር አበባ አታይ፣ አልወለድክ፤ ደምህ የት ሄደ? በዚህ ዕድሜ ወንድ ላይ ብረት አጥሮ ደም ሲያንስ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው አንጀት ውስጥ በድብቅ የሚደማ ነገር እንዳለ ነው፤ አንዱም ካንሰር ነው። ኮሎኖስኮፒ የሚባል፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አለልህ፤ ገብቶ ያይልሃል።

«በየት በኩል ነው የሚገባው?»

ቁርጡ በሚወጣበት!