ቀለሙን ብቻ አደራ!

የጥርስ ክር አዲስ አበባ ውስጥ ገበያ አግኝቷል። የጥርስ ሐኪሞች ግን ለደስታ አይቸኩሉ፤ ጥርሳችንን ዛሬም የምናጸዳው በመፋቂያና በስቴኪኒ ነው። ክሩ የተፈለገው ከመኪና ጀርባ ላይ የቻይንኛ ፊደል ለማንሣት ነው። በዚህ ሥራ ላይ የምናሳየው ትዕግሥትና ጥንቃቄ በሌላ በምንም ጉዳያችን ታይቶ ስለማያውቅ፣ አመስጋኝ አጥቶ ቢቀር ነውር ነው ብዬ ብዕር አነሣሁ።

ነገሩ የጀመረው ከቀረጥ ነው። መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ኤክሳይዙን፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱንና ሱር ታክሱን አነሣና ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ አስቀረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከነጭራሹ እንዳይገባ ተባለ። አስመጪው ወዴት ይሂድ? ቻይና ሄደ። ቢዋይዲው፣ ቻንጋኑ፣ ቶዮታ ቢዚ4ኤክሱ፣ ቮልስዋገን አይዲ 4ቱና አይዲ 6ቱ በጅቡቲ በኩል ጎረፉ። ለአገሩ ገበያ ተብሎ ቻይና ውስጥ የተሠራ መኪና ደግሞ የሠሪውን ድርጅት ስም በቻይንኛ ከጀርባው ለጥፎ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ሰውየው ሚሊዮን ብሮቹን ቆጥሮ፣ ቁልፉን ተቀብሎ፣ ዘመድ አዝማድ «እንኳን ደስ አለህ» ብሎት ሲያበቃ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ያያል። አራት ፊደል! የሚያብለጨልጭ፣ ኒኬል የመሰለ፣ ቁልጭ ያለ ቻይንኛ!

ሰፈሩ ውስጥ ቻይንኛ የሚያነብ አንድ ሰው እንኳ የለም። ፊደሉ «ይህ የንጉሥ ሠረገላ ነው» ቢልም «ይህ የተሰረቀ ንብረት ነው» ቢልም ለጎረቤት ያው ነው። ባለቤቱም አያነበውም። ግን ያፍርበታል። ማንም የማያነበው ጽሑፍ ይህን ያህል ሰው ሲያሳፍር ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

ስለ ቮልስዋገኑ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከአራቱ ፊደላት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከጀርመኖቹ ጋር ተሻርኮ የሚያመርተውን የቻይና ድርጅት ይጠራሉ። የቀሩት ሁለቱስ? እነሱ ራሱን ቮልስዋገንን ነው የሚጠሩት። ስለዚህ ሰውየው መኪናው ቮልስዋገን እንዲባልለት ብሎ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ በገዛ ላቫጆው፣ ቮልስዋገን የሚለውን ጽሑፍ አስነሥቶ ይጥላል። አይዲ 6 ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ለቻይና ገበያ ተብሎ የወጣ ሞዴል ነው፤ ጀርመን ውስጥ ሻጩ ቤት ገብታችሁ «አይዲ 6 ስጡኝ» ብትሉ ወደ አይዲ 4 ነው የሚመሯችሁ። የእኛ ሰው ግን ፊደሉን ካስነሣ በኋላ «የጀርመን ናት» ይላል። የጀርመን ሰው መንገድ ላይ ቢያያት «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» የሚላት መኪና!

ሥራውን በቅርብ ላየ ግን ባለሙያዎቹ ክብር ይገባቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ላቫጆ ግቢ ውስጥ፣ መኪናዋ ታጥባና ደርቃ ቆማለች። በፊደሎቹ ዙሪያ የወረቀት ፕላስተር ተለጥፏል። ከሻይ ቤቱ ሶኬት የተነሣ ረጅም ገመድ በውኃው ላይ አልፎ መጥቷል፤ ጫፉ ላይ የሴቶች የፀጉር ማድረቂያ ተሰክቷል። ልጁ ክሩን በሁለት እጁ ጠቋሚ ጣቶች ላይ ጠምጥሞ፣ ከፊደሉ ጀርባ አስገብቶ፣ እንደ መጋዝ ወዲህና ወዲያ ያንሸራትታል። ባለቤቱ በነጠላ ጫማ፣ የመኪና ቁልፍ በጣታቸው እያሽከረከሩ፣ ከላዩ ላይ ቆመዋል።

«ቀስ በል፣ አንተ ልጅ! ቀለሙን!»

«አይዞዎት ጋሼ፣ ሞቆ ለስልሷል።»

«ካቻቢቴ እንዳታስጠጋ ብያለሁ።»

«ኧረ በክር ነው፣ ጋሼ።»

«ያ የቀረው ጥቁር ነገር ምንድን ነው? ጫርከው?»

«ሙጫው ነው። በአልኮል ይለቃል።»

«ቲነር እንዳይሆን!»

«አልኮል ነው፣ ጋሼ። ያሽትቱት።»

አሸተቱት። እኚህ ሰው ቤታቸውን ሲገዙ ካርታው እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ እንዲህ አጥብቀው የጠየቁ አይመስለኝም።

ጭንቀታቸው ግን ከሙያው አንጻር ልክ ነው። የፋብሪካ ቀለም ሽፋኖቹ ሁሉ ተደምረው ውፍረታቸው ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይዘልም። ሙጫው በሙቀት ካልለሰለሰ ሲነቀል ቀለም ይዞ ይነሣል። ሙቀቱ ከበዛ ደግሞ ቀለሙ ይኮማተራል፤ ስለዚህ እጅ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። ካቻቢቴና ቢላዋ ቀለም ላይ መስመር ይተዋሉ፤ የጥርስ ክር ወይም የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ግን ሙጫውን ብቻ ይቆርጣል። የቀረውን ሙጫ በአውራ ጣት እያንከባለሉ ማንሣት፣ ከዚያ በአልኮል ማጥራት፣ በመጨረሻ ፖሊሽ። ቲነር የተባለ ነገር፣ በተለይ አንዴ ተቀብታ የምታውቅ መኪና ላይ፣ ቀለሙን ራሱን ያሟሟዋል። ይኸው፣ እኔም ሙያውን በነጻ አስተማርኩ። መኪናዋ ስትሸጥ ለገዢው የሚነገረው ታሪክ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚወፍር ግን የለካ የለም።

አንዳንዱ አርማ ደግሞ በሙጫ ብቻ የተያዘ አይደለም። ከኋላው እግር አለው፤ ላሜራውን በስቶ ገብቷል። ይህን ያላወቀ ሰው በክር ሲታገል ውሎ፣ በመጨረሻ ተናዶ ሲጎትተው ሁለት ቀዳዳ ይተርፈዋል። በቀዳዳው ውኃ ይገባል፣ ላሜራው ይዝጋል፣ ከዚያ ስቱኮና ቀለም ቀቢ ፍለጋ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

እሺ፣ ተሳካ እንበል። ቀለሙም አልተጫረ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የመኪናን ስም ግን ላቫጆ ያወጣዋል። ጋሼም ወደ ቤታቸው ሊነዱ ገቡ። በሩን ዘግተው፣ መሪውን ሲይዙ፣ መኪናዋ በጠራ ማንዳሪን ቀበቶ እሰሩ አለቻቸው! ስክሪኑ ቻይንኛ ነው። ካርታው አሁንም ቻይና ውስጥ ያለ ይመስለዋል። የቢዋይዲ ባለቤት ከሆኑማ ዕድለኛ ናቸው፤ ከመኪኖቹ አንዳንዶቹ ስማቸው ራሱ የቻይና ነገሥታት ሥርወ መንግሥት ነው፦ ሃን፣ ታንግ፣ ሶንግ፣ ዩዋን፣ ቺን። «ኒሃው ሻዎ ዲ» ሲሏት የምትመልስ ረዳትም አለቻቸው። ልጆቻቸው ከኋላ ወንበር ሆነው ከአባታቸው ቀድመው ለምደዋታል፤ እንግዳ ባለበት ይጠሯታል። ለእሷ የሚሆን ክር እስካሁን አልተገኘም።

ማታ ቤት ሲደርሱ ደግሞ መሙላት አለ። የቻርጀሩን ክዳን ይከፍታሉ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የሚሞላው ጂቢቲ በሚባለው የቻይና ሶኬት ነው፤ የአውሮፓው ሲሲኤስ2 የሚባል ሌላ ነው፣ ቅርጹም አይገጥምም። «የጀርመኗ» መኪና እንግዲህ በየማታው አፏን ከፍታ የትውልድ አገሯን ትናገራለች። በፊት መስታወቱ ግርጌ ያለው ባለ 17 ሆሄ የሻንሲ ቁጥርም አለ። መጀመሪያው «ደብሊው» ከሆነ ጀርመን፣ «ጄይ» ከሆነ ጃፓን፣ «ኤል» ከሆነ ቻይና ነው። ቁጥሩ ሊብሬው ላይም ሰፍሯል። ሊብሬን በፀጉር ማድረቂያ ያሞቀ እስካሁን አላየሁም፤ ተስፋ ግን አልቆርጥም።

የፀሐዩም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች። ፊደሉ ሥር የነበረው ቀለም ግን ተከልሎ ስለከረመ አልደበዘዘም። ስለዚህ ዓመታት ፀሐይ ላይ ከቆመች መኪና ፊደሉ ሲነሣ፣ ከሥሩ ያው ፊደል ደመቅ ባለ ቀለም ተጽፎ ይገኛል። ሙጫው በደንብ ካልጠራ ደግሞ አቧራ ይይዝና ፊደሎቹ በሳምንቱ በጥቁር ይመለሳሉ።

የዚህ ሙያ አባት ግን የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት አይደለም። ከእሱ በፊት ቪ8 ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው ላንድክሩዘር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነበረው፣ ከጀርባውም «ቪ8» ተጽፎበት ነበር፤ እኛ አገር ፊደሉ ሥልጣን ማለት ሆነ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2021 በአዲስ ሲተካው ስምንቱን ትቶ ወደ ስድስት ሲሊንደር ወረደ። ቶዮታ ይውረድ እንጂ እኛ አንወርድም! አዲሱን መኪና ገዝቶ «ቪ8» የሚል አርማ ያስለጠፈ ሰው አይቻለሁ። በመቶ ብሮች፣ በሙጫ፣ ሁለት ሲሊንደር ተጨመረለት። የቶዮታ መሐንዲሶች ይህን ቢያውቁ ለምን ያን ያህል ዓመት እንደደከሙ ይገርማቸው ነበር።

ጀርመኖቹ ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ቅዱሳን አይደሉም። መርሰዲስና ቢኤምደብሊው ሲያዝዙ የሞዴሉ ቁጥር ከጀርባ እንዲቀር መምረጥ ይችላሉ፤ ትንሹን ሞተር የገዛው እንዳይታወቅበት፣ ትልቁን የገዛው እንዳይታይበት። ልዩነቱ እነሱ ቁጥር ሲያስቀሩ እኛ አገር ማስቀረታችን ነው።

ቻይንኛን ሸሽተው ወደ «አውሮፓዊው» ስም የሚጠጉትም ቢሆኑ መጠንቀቅ ይበጃቸዋል። ቮልቮ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የቻይናው ጂሊ ንብረት ነው። የእንግሊዙ ኤምጂም የሻንጋዩ ሳይክ ነው። ክሩን ከማንሣታችሁ በፊት ማን የማን እንደሆነ አጣርታችሁ ግቡ፤ ከቻይና ወደ ቻይና መሸሽ ድካም ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ነውሩ ከመኪናዋ ጀርባ ላይ ብቻ ባይቀር ጥሩ ነው። መኪናዋ የምትሄድበትን ቀለበት መንገድ የሠሩት ቻይናዎች ናቸው። ከጎኗ የሚያልፈውን፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቀላል ባቡርም የሠሩት እነሱ ናቸው። በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻም የቻይና ስጦታ ነው፤ ከፍታው 100 ሜትር ገደማ ስለሆነ በቂ ክር ያስፈልጋል። አንድ ቅዳሜ ሁላችንም ወጥተን፣ የየቤታችንን የፀጉር ማድረቂያ ይዘን፣ መብራት ካልጠፋ፣ ከተማይቱን በሙሉ ለምን አናሞቃትም? ቀለሙን ብቻ አደራ።

ቀልዱን ለአፍታ ልተወው። መኪናዋ ምንም አላጠፋችም። ድምፅ የላትም፣ ጭስ የላትም፣ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ አታስቆምም። ባለቤቷም ይህን ያውቃል፤ ቡና ላይ ተቀምጦ «በወር ለመብራት የምከፍለው ይህቺን ታህል ናት» እያለ የሚኮራው እሱ ራሱ ነው። ጥቅሟን በአደባባይ እየቆጠረ ሠሪዋን በላቫጆ ያስፍቃል። ይህ ውለታ ቢስነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ለራሱ ብቻ ቢሆን እንኳ የግል ኀፍረት ነው ብለን ባለፍነው፤ ነገር ግን ያቺ መኪና ነገ ደላላ እጅ ትገባለች። ደላላው «የአውሮፓ ስታንዳርድ» ብሎ ዋጋ ይጨምርባታል። የዋሁ ገዢም ለአውሮፓው መኪና የተሠራ ቻርጀር ገዝቶ ቤቱ ይሄዳል፤ አልገባ ይለዋል።

ስለዚህ ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የምትሄዱ፦ የጀርባዋን ንጽሕና አድንቁና እለፉት። የፊት መስታወቱን ግርጌ አንብቡ፣ ከሊብሬው ጋር አስተያዩት፣ የቻርጀሩን ክዳን ክፈቱ። በ«ኤል» ከጀመረ የቻይና ናት፤ ጥሩ መኪና ከሆነች ግዟት። ለፊደሉ ማስነሻ የከፈለውን ግን ዋጋው ላይ እንዳይጨምርባችሁ።