«ትናንት ብትመጣ ኖሮ!»

መስከረም ሲጠባ ከፍራንክፈርት ተነስቼ ወደ ታሪፋ እወርዳለሁ። ከዓመት ፈቃዴ ግማሹ የሚያልቀው በዚያች የስፔን ደቡብ ጫፍ፣ ካዛያ በሚባለው ኮረብታ ላይ ባሕሩን የሚሻገሩ ወፎችን አንጋጥጬ ሳይ ነው። ዘንድሮም ሄጄ ተመለስኩ። ደከመኝ። ያደከሙኝ ግን ወፎቹ አይደሉም።

ነፋሱ አለ። ሌቫንቴ የሚሉት የምሥራቅ ነፋስ አንዴ ከተነሳ ቀናት ይቆያል። አቧራውን ዓይን ውስጥ ይሞጅራል፣ የቴሌስኮፑን እግር ያንቀጠቅጣል። ወፎቹም ወደ አትላንቲክ ጠርጎ እንዳይወስዳቸው በቡሽ ዛፉ ጫካ አርፈው ይጠብቃሉ። ከዘጠኝ ቀን አምስቱን በላብኝ። ይሁን፤ ነፋስን ማን ይከሳል?

«ትናንት ብትመጣ ኖሮ!» የሚለው ንግግር ግን አንጀቴን ያሳርረዋል። ገና ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ አንዱ ይጀምርልኛል። ስንት መቶ እንዳለፈ ይቆጥርልኛል፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አንድ በአንድ ያሳየኛል። ያልነበርኩበትን ቀን ምን ላድርገው? ይህን ወሬ እየሰማሁ ሁለት ጥቁር ሽመላዎች በላያችን አለፉ፤ ቀና ስንል የደረስነው ጀርባቸው ላይ ነው። ወፍ ለማየት ከሚወጣ ሰው ይህን ቃል ሳይሰማ የቀረ ያለ አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚብሰው ጫጫታው ነው፤ የወፉን ልፋት ለሚያውቅ ደግሞ ይበልጥ ያማል። እባብ በሊታው ንስር ክንፉን እያርገበገበ ሰፊ ባሕር መሻገር አይሆንለትም። ፀሐይ ምድሩን ስታሞቅ ሽቅብ የሚነሳውን አየር ተሳፍሮ እየዞረ ይወጣል፣ ከዚያ ክንፉን ዘርግቶ ይንሸራተታል። ውሃ ላይ እንዲህ ያለ አየር እንደ ልብ ስለማይገኝ ጠባቡን ቦታ ይፈልጋል፤ የጅብራልታር ሰርጥ በጠበበበት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኢጣሊያ የሚነሱት አብዛኞቹ እንኳ ባሕሩን ፊት ለፊት ከማቋረጥ በፈረንሳይ በኩል ዞረው፣ ስፔንን ዘልቀው እዚህ መድረስን ይመርጣሉ። (በምሥራቁ መንገድ ከሚመጡት ሌሎች ንስሮች ብዙዎች በባብ ኤል መንደብ ተሻግረው ወደ እኛ አገር ይዘልቃሉ፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞቃል።)

ይህን ሁሉ አገር አቆራርጦ የመጣ ወፍ ከራሳችን በላይ እየዞረ ልሂድ ልቅር ሲል፣ ከሥሩ ሙዚቃ ይለቀቃል። የመኪና በር ይደቃል። ባለ ትልቁ ካሜራ ትከሻዬን ገፍቶ ፊቴ ላይ ይቆማል፣ ይቅርታ እንኳ የለም። ዝም በሉ ሲባል የሚቆጣው ደግሞ ጯሂው ነው! ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ድምፁን እንደሚቀንሰው፣ ለእነዚህ ፍጥረታት ግማሽ ሰዓት ዝም ማለት ምን ይከብዳል?

በመጨረሻው ሐሙስ ነፋሱ ተኛ። ረፋዱ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ንስሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው መዞር ጀመሩ። ማዶ የሞሮኮ ተራሮች ጥርት ብለው ይታያሉ። ትንፋሼን ውጬ መነጽሬን አነሳሁ። በዚያው ቅጽበት ከኋላችን የድሮን ድምፅ ተሰማ፤ ሽቅብ ወጣ፣ መሐላቸው ገባ። ንስሮቹ ተበታተኑ፤ አንዳንዶቹ ወደ ጫካው ሲመለሱ በዓይኔ ተከተልኳቸው።

አጠገቤ ከንጋት ጀምሮ ቃል ሳይተነፍሱ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የቴሌስኮፓቸውን ክዳን ገጠሙ፣ ወንበራቸውን አጠፉ። ወንበሩን ተቀበልኳቸውና ኮረብታውን አብረን ወረድን።