ሳይክልና ዶማ

የካሊፎርኒያ ተራራ ላይ በሳይክል የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች በአንድ ወቅት ከእግረኛውም ከፈረሰኛውም ጋር ተጣልተው ነበር። ‹‹መንገዱን የምታበላሹት እናንተ ናችሁ›› ተብለው የእግር መንገዱ በየቦታው ተዘጋባቸው። እኛ ብንሆን ሽማግሌ እንልካለን፤ ሽማግሌው ካልሆነለት አቤቱታ እናስገባለን፤ አቤቱታው መልስ እስኪያገኝ ሳይክሉ ይዝጋል። እነሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1988 ማኅበር አቋቋሙና ዶማና አካፋ አነሡ። በዕረፍት ቀናቸው እየወጡ የሚጋልቡበትን መንገድ ራሳቸው መቆፈር፣ ውሃውን ወደ ዳር ማስወጣት፣ ድንጋዩን መካብ ጀመሩ። ዛሬ በብዙ አገር የተራራ ሳይክለኛ ወጉ ይኸው ነው። አበል የለውም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ፍኖተ ሰላም ላሉ ጓደኞቼ ስነግራቸው ‹‹የታሸገ ውሃ እንኳ አይታደልም?›› ብለው ጠየቁኝ። አይታደልም ስላቸው ወሬውን በሙሉ አላመኑትም።

ለሳይክል እኛም ባዳ አይደለንም። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ልጁም ሽማግሌውም ሳይክል ላይ ነው። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ሳይክለኞቻችን ተወዳድረዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህ ሁሉ ግን የአስፋልት ታሪክ ነው። አስፋልት ሲቦደስ የሚያማ ሳይክለኛ እንጂ የሚጠግን ሳይክለኛ አላጋጠመኝም።

እኔም ከአስፋልቱ የወጣሁት ወድጄ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ በኩል ቡሬ የሚያደርሰው መንገድ ላይ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በልብ ወለዳቸው የበዛብህን ውልደት በተረኩበት አገር፣ ቀስ እያሉ መንዳት ደስ ይላል። ችግሩ ሕዝቡ ‹‹አልቃይዳ›› ብሎ የሰየመው ትንሹ የጭነት መኪና ነው። ቡሬ ላይ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ስለሚሄድ ጭነት አይጠፋም። ይህ መኪና በርበሬ ቆልሎ ሲመጣ ለሳይክለኛ ሁለት ምርጫ ይተውለታል፦ ወይ ቦዩ፣ ወይ ገነት። ስሙ ማውንቴን የሆነ ሳይክል ገዝቶ አስፋልት ላይ መሞት ደግሞ ያሳፍራል። ስለዚህ ወደ እግር መንገዱ ገባን።

የጎጃም የእግር መንገድ በበጋ ምንጣፍ ነው። ሰውና አህያ ሲረግጠው የከረመ ቀይ አፈር ጎማ ሲያርፍበት ድምፅ እንኳ የለውም። ጉዱ የሚመጣው ከሰኔ ወዲያ ነው። የአህያ ኮቴ ያጎደጎደው መንገድ ለዝናቡ የተዘጋጀ ቦይ ሆኖ ይቆየዋል። ይባስ ብሎ ገበሬው ውሃ ማሳው ላይ እንዳይተኛ በሬውን ጠምዶ በአግድም ፈሰስ ያወጣል። ፈሰስ መቼም አንድ ቦታ መውጣት አለበት። ወደ ጎረቤት ማሳ ቢለቁት ክስ ነው፤ ስለዚህ ወደ መንገዱ ይለቁታል። መንገድ አይከስ፣ ምስክር አይቆጥር! በመጀመሪያው ክረምት ቁርጭምጭሚት የነበረው በሁለተኛው ጉልበት ይሆናል፤ ከዚያ ቦረቦር ይሆንና በሬ ይውጣል። እግረኛው ያን ጊዜ ወደ ማሳው ጠርዝ ይወጣል። ባለ ማሳው እሾህ ያጥርበታል። እግረኛው እሾሁን ዞሮ ጠልቆ ይገባል። ማንኩሳ ሳይደርሱ ጎን ለጎን የተኙ ሦስት መንገዶች አሉ፤ ሁለቱ ገደል ናቸው፣ ሦስተኛው የሰው በቆሎ ነው።

እዚያ ቦታ ላይ ሳይክሌን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ስሻገር አንድ አዛውንት ዶማቸውን ተደግፈው ያዩኛል።

‹‹ልጄ፣ ልትሸከመው ነው የገዛኸው?››

‹‹መንገዱ ነው እንጂ አባቴ።››

‹‹መንገዱማ እኔንም አሸክሞኛል›› አሉና ዶማውን አሳዩኝ። የማሳቸውን አፍ የበላውን ቦረቦር ብቻቸውን እየደፈኑ ነበር። እኔም ጊዜው ነው ብዬ የፈረንጆቹን ነገር አወጋኋቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝ።

‹‹እነዚያ ሰዎች በመንገዱ ገበያ ይሄዱበታል?››

‹‹አይሄዱም።››

‹‹ወፍጮ?››

‹‹አይሄዱም። ወደ ላይ ይወጡበታል፣ ከዚያ ይወርዱበታል።››

‹‹ከወረዱ በኋላስ?››

‹‹መልሰው ይወጣሉ።››

‹‹እግዜር ይርዳቸው›› አሉ ከልባቸው። ‹‹ሥራ መፍታት እንዲህ መንገድ የሚያስጠግን ከሆነ ለእኛም ልጆች ይስጥልን።››

ስለ አሠራሩ ግን ሳስረዳ አልሳቁም። መንገድ ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ ከወረደ ውሃው ይቀድመዋል፤ ስለዚህ ተዳፋቱን አግድም እያዋዙ ያወርዱታል። የውጭውን ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ያደርጉታል፤ ውሃው ጉልበት ሳያበጅ በስሱ ተሻግሮ እንዲወጣ። ጭቃ ሲሆን ማንም አይነዳበትም፤ የጎማው ፈለግ የነገ ቦይ ነውና። አዛውንቱ ጣታቸውን አነሡ። ‹‹ይኸማ ፈሰስ ነው። እኛ ለማሳ የምናደርገውን እነሱ ለመንገድ አደረጉት።›› ካሊፎርኒያ በመጽሐፍና በስብሰባ የደረሰበትን ነገር እሳቸው በበሬ ቀድመው ደርሰውበታል። ልዩነቱ እሳቸው ውሃውን ወደ መንገዱ መልቀቃቸው፣ እነዚያ ደግሞ ከመንገዱ ማስወጣታቸው ብቻ ነው።

‹‹እንግዲያው እኛ ሳይክለኞች መጥተን አብረን እንቆፍር?›› አልኳቸው። ‹‹ቅዳሜ?››

‹‹ሰንበት ነው።››

‹‹ሰኞ?››

‹‹12 ነው፤ ሚካኤል።››

‹‹ማክሰኞስ?››

‹‹ገበያ እንሄዳለን።››

‹‹ረቡዕ?››

‹‹14፣ አቡነ አረጋዊ። ዓርብ ኪዳነ ምሕረት ናት። ሐሙስ ግን ባዶ ነው፤ ሐሙስ ኑ።››

ሐሙስ መሥሪያ ቤታችን ስብሰባ እንዳለው ነገርኳቸው።

‹‹ለካ የእናንተ ታቦት የሚወጣው ሐሙስ ነው›› አሉ።

ቁፋሮ ለአገሩ አዲስ ሆኖ አይደለም። በየዓመቱ በበጋው ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ ወጥቶ እርከን ይሠራል፣ ክትር ይክባል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የገጠር መንገድ ፕሮግራሙ ቀበሌን ከቀበሌ ለማገናኘት ጠጠር ሲያለብስ ቆይቷል። እርከኑ ለተራራው ነው፤ ጠጠሩ ለመኪናው። የእግር መንገዱን የሚያነሣ ሪፖርት ግን እስካሁን አላየሁም፤ ተመርቆ ሪባን የተቆረጠለት የአህያ መንገድም የለም። የእግር መንገድ በደቦ ሲጠገን ያየሁት ቀብር ሲኖር ነው። ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ቦረቦሩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ የመንደሩ ጎረምሳ በሙሉ ዶማ ይዞ ይወጣና፣ ለዓመታት ሕያው ሲወድቅበት የኖረውን ጉድጓድ ከቀትር በፊት ይደፍነዋል። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ‹‹እንግዲያው መንገድ ለማሠራት ሰው መሞት አለበት ማለት ነው?›› አለኝ። እኔ በበኩሌ ተራዬን ለሌላ ለቅቄያለሁ።

አሁን የምናገረው ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ባለ ማውንቴኖች ነው። በእግር መንገዱ ላይ ጎማችን ፈለግ እየተወ ነው፤ ያንን ፈለግ ሰኔ ያሰፋዋል፤ ካሰፋው በኋላ አህያዋም እኛም እኩል እንሸከማለን። ከተማ ያለን ሰዎች ደግሞ ለፎቶ የሚሆን ሸሚዝ እንጂ ዶማ የለንም፤ ዶማ ከሳይክል ይረክሳል። በመጀመሪያው የግንቦት ካፊያ መሬቱ ሲለሰልስ፣ ታቦትም ስብሰባም የሌለበትን አንድ ቀን ፈልጋችሁ ወደ ማንኩሳ ኑ። ዶማውን ከየቤታችሁ ያዙ፤ የገበሬው ሥራ ላይ ነው።