ኧረ የዚህ «ማስት» ነገር!

እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምረን ተምረናል። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ሒሳቡም በእሱው ሆነብን። ቻልነው። ተጽፈው የማይነበቡትን ፊደላት ቻልን። ባለሁለት ቃል፣ ባለሦስት ቃል ግሶቹን ቻልን። «ማስት» የሚባለውን አንድ ግስ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልቻልነውም።

አጀማመሩስ ቀላል ነበር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጻፉት፣ ትርጉሙ «የግድ» ነው አሉን፣ እኛም ደብተራችን ላይ ገለበጥን። ከዚያ ጣጣው መጣ። ሦስተኛ መደብ ነጠላ ሲሆን «ኤስ» ጨምሩ እየተባልን ስንቀጣ የኖርን ልጆች፣ እዚህ ላይ እንዳትጨምሩ ተባልን። «ቱ» አታስከትሉበት ተባልን። «ኢንግ» አትቀጥሉበት ተባልን። ትናንት የግድ ሆኖብን እንደሆነስ? ኃላፊ ጊዜ ስለሌለው «ሃድ ቱ» እንበደራለን። ነገ የግድ ቢሆንብንስ? አሁንም ብድር ነው፤ «ዊል ሃቭ ቱ»። ሰውን ሁሉ የሚያስገድድ ግስ እሱን የሚያስገድድ አንድ ሕግ እንኳን የለውም።

ለምን ኃላፊ ጊዜ አጣ ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ይብስ የሚያናድድ ነው፤ ለካ እሱ ራሱ ድሮ ኃላፊ ጊዜ ነበር! በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሞታን» የሚሉት ግስ ነበራቸው፤ ትርጉሙም ስለ መፈቀድና ስለ መቻል ነበር። የዚያ ግስ ኃላፊ ጊዜ «ሞስቴ» ነው አድሮ አድሮ «ማስት» የሆነው። እንግዲህ ልክ እንደ ሰፈር መዋጮ፣ በፈቃድ ተጀምሮ በግዴታ ቀረ ማለት ነው።

ይህም ይሁን። አፍራሹ ነው የጎዳን። እኛ «መምጣት የለብህም» ስንል ክልከላም ሊሆን ይችላል፣ እረፍትም ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ድምፃችንና ፊታችን ይናገራል። እነሱ ዘንድ «ማስት ኖት» ክልከላ ነው፣ «ዶንት ሃቭ ቱ» ደግሞ እረፍት ነው። ስለዚህ አለቃችን ቅዳሜ «ዶንት ሃቭ ቱ» ሲለን፣ ተባረርን ብለን ሌሊቱን ስንገላበጥ እናድራለን። እንግዳ ጋብዘን፣ ሂሳቡን ተውት ለማለት «ዩ ማስት ኖት ፔይ» ስንለው ደግሞ ሰውየው እንደ ወንጀለኛ ኪሱን ለቆ እጁን ያነሳል። (እርግጥ እኛ ዘንድ የሂሳብ ነገር ክልከላ መሆኑ አልቀረም።)

ፈተና ላይማ አይነሳ። ምርጫ ቢ «ኒድንት» ይላል፣ ምርጫ ሲ «ዶንት ሃቭ ቱ» ይላል፤ ልዩነቱን ፈታኙ ያውቃል። ደግሞ ሳያስፈልገው ሄዶ የደከመ ሰው «ኒድንት ሃቭ ጎን» ይባላል፤ ስላላስፈለገው ቤቱ የተቀመጠ ሰው ግን «ዲድንት ኒድ ቱ ጎ»። ለከንቱ ድካም እንኳን ራሱን የቻለ ሰዋስው አበጅተውለታል! እውነቱን ለመናገር፣ ግምቱ ላይ አንማረርም፤ «ደክሞህ መሆን አለበት» እኛም እንላለን፣ እነሱም በዚሁ በማስት ይሉታል።

የገዛ ዳኞቻቸውም ተቸግረዋል። «ሻል» የሚሉት ሌላ አዛዥ ቃል ነበራቸው፤ አንዴ ግዴታ፣ አንዴ ፈቃድ፣ አንዴ ተስፋ እየሆነ ቢያስቸግራቸው፣ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2007 እንደገና ሲጻፍ አወጡት። በአብዛኛው ቦታ ማንን ተኩ? ማስትን! ግልጽ ይሁን ተብሎ!

ከሁሉ ከሁሉ ግን የሚያበሽቀን፣ ይህን ሁሉ ተምረን አገራቸው ስንገባ ቃሉን በቦታው አለመጠቀማቸው ነው። ጎረቤት «ዩ ማስት ካም ፎር ዲነር» ይለናል። የግድ ከተባለማ፣ ከእኛ «በሞቴ»ና «አፈር ስሆን» ጋር አንድ መስሎን ቀኑን እስኪነግረን እንጠብቃለን። ቀኑም የለ፣ እራቱም የለ። አለቃው በተራው፣ ዛሬውኑ እንዲያልቅ የሚፈልገውን ሥራ «ዩ ማይት ዎንት ቱ...» ብሎ ይጀምርልናል፤ ምናልባት ትፈልግ ይሆናል እንደ ማለት። እኛም ልባችንን መርምረን፣ አለመፈለጋችንን አረጋግጠን፣ ቡናችንን ይዘን ቁጭ እንላለን። ለካ የግድ ኖሯል!