እማዬ፣ ያረፍኩት ለአምስት ቀን ብቻ ነው

ሚኒያፖሊስ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣
ሐዋሳ

ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልሽ ሰው ሻንጣ ውስጥ የአንቺ ጫማ፣ የጉልበትሽ ቅባትና የትንሿ እህቴ ስልክ አሉ። ደብዳቤው ግራ ጫማው ውስጥ ነው። ቀኝ ጫማው ውስጥ ያለውን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። ትንሿ፣ አንቺ ደግሞ ስታነቢላት ድምፅሽን ቀንሺ፤ «ዝለዪ» ያልኩበት ቦታ ላይ ጎረቤት ካለ ዝለዪ።

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅሽ። የካቲት መጀመሪያ ላይ ደውዬ «እማዬ፣ ደክሞኛል፤ በሚቀጥለው ወር ላርፍ ነው» እንዳልኩሽ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ እስካገኝሽ ሩብ ሰዓት አልሞላም። በዚያች ሩብ ሰዓት ግን የታችኛዋ ጎረቤታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደርሳለች፤ የዕድሩ ዳኛም ድንኳኑ እጃቸው ላይ መኖሩን አረጋግጠዋል አሉ። ጥፋቱ የእኔም የስልኩም አይደለም፤ የአማርኛችን ነው። የሞተም ዐረፈ ይባላል፣ ጋደም ያለም ዐረፈ ይባላል። ፈረንጅ ሀገር ሁለቱን የሚለያቸው የመመለሻ ትኬት ነው።

ደግሞ አይፈረድብሽም። በእኛ ቤት እስከ ዛሬ ያረፈው አባባ ብቻ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና።

አሳቡ እንዴት እንደመጣብኝ ልንገርሽ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ አየር ማረፊያ ውስጥ አቅመ ደካሞችን በዊልቸር እገፋለሁ። ጥር ሲገባ እዚህ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይወርዳል፤ ያኔ ሀገሬው ወደ ሙቅ ባሕር ይሰደዳል። ሲሄዱ እንደ ወተት የነጡትን ሰዎች እኔው ሸኝቼ፣ ሲመለሱ እንደ ሥጋ ቤት ቀልተው እኔው እቀበላቸዋለሁ። ስድስት ክረምት ሙሉ የሰው ዕረፍት ገፋሁ።

ሐይቅ አጥቼ አይደለም። ይህ ግዛት በመኪና ታርጋው ላይ «10,000 ሐይቆች» ብሎ የሚጽፍ ነው፤ ተቆጥረው ግን 11,842 ናቸው። ትርፉን 1,842 ሐይቅ ለትሕትና ትተውታል። ችግሩ ክረምት ላይ ይጋገራሉ። ሰዉ ሐይቁ ላይ መኪና ነድቶ መሐሉ ላይ ያቆምና፣ በረዶውን በመሰርሰሪያ በስቶ፣ በቀዳዳው ዓሣ ይጠብቃል። ይህን ለእኛው የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች እንዳትነግሪ፤ አብዷል ይሉኛል።

ደግሞ አንድ የማፍርበት ነገር አለ። አንቺ ለሰው «ልጄ ባሕር ማዶ ነው» ትያለሽ። ማዶውስ እውነት ነው፤ ባሕሩን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ስሻገረው ሌሊት ነበር፣ መስኮቱ ተዘግቶ ነበር፣ እኔም ተኝቼ ነበር። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ሀገራችን የባሕር በር የላትም፤ በቤታችንም ባሕር ያየው ምጽዋ የዘመተው አባባ ብቻ ነበር። «ውሃው ጨው ነው» ሲለን አንቺ «ያን ሁሉ ጨው ማን ገዝቶ ይጨምርበታል?» ብለሽ እንዳሳፈርሽው ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ እቁብ ሲወጣልኝ ቆረጥኩ። የሥራ ጓደኞቼ «ሐሩር ክልል መሄድ አለብህ፤ አይተኸው አታውቅም» አሉኝ። ካርታ ገልጬ አየሁ። ሐሩር ክልል ማለት ከምድር ወገብ ወዲህና ወዲያ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ያለው ነው። እነሱ የሚልኩኝ ካንኩን የምትባል የሜክሲኮ ከተማ 21 ዲግሪ ላይ ናት። ሐዋሳ 7 ዲግሪ ላይ። እኔ ከሐሩሩ መሐል ተወልጄ ወደ ጠርዙ ልዝናና ነው! ብቻ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣ ማታ ማታ ጋቢ ስለምታስለብስ ማንም ሐሩር ብሏት አያውቅም።

ቀጥሎ ሆቴል መምረጥ መጣ። እማዬ፣ ሆቴል መምረጥ በሬ ከመግዛት ይከብዳል። በሬን ጥርሱን ገልጠሽ ታያለሽ፤ ሆቴል የሚያሳይሽ ፎቶውን ብቻ ነው። እኔ ግን ከ20 ዓመት በላይ የሐይቅ ዳር ሆቴል አንሶላ ያጠበች እናት ልጅ ነኝና ዝም ብዬ አልተሸወድኩም። «አንሶላን በጠርዙ፣ ፎጣን በሽታው» ትዪ አልነበር? ከካንኩን የተመለሱትን መንገደኞች ዊልቸር እየገፋሁ መረመርኳቸው። እነሱ ስለ ባሕሩ ቀለም ሊያወሩ ሲጀምሩ እኔ «የአንሶላው ጠርዝ ተበልቷል ወይ?» እላለሁ። ብዙዎቹ ጠርዙን አላዩም። አንዲት አሮጊት ብቻ «አንሶላው ደኅና ነው፤ አንተ ሳሩን ፍራ» አሉኝ። ሳርጋሰም የሚባል ቡናማ የባሕር አረም ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ በማዕበል እየተገፋ ዳርቻው ላይ ይቆለላል፤ ሲበሰብስም ይሸታል አሉ። «ገባኝ፣ የባሕር እምቦጭ ነው» አልኳቸው። ጣናን የማያውቅ ሰው ላይ ቀልዴ ባከነ።

ሦስት ሆቴሎች ቀሩኝ።

የመጀመሪያው ፎቶው ላይ ባሕሩ አልጋው ሥር ድረስ ይመጣል። ዋጋውም ደኅና መስሎኝ ነበር። ኋላ ስመለከት ለካ «ለአንድ ሰው» የሚለው ሁለት ሆናችሁ ስትመጡ ነው። ብቻውን የሚመጣ የሌላኛዋንም ሊከፍል ምንም አይቀረው። «ለምን ብቻዬን መሆኔ ያስቀጣኛል?» ብዬ ተናደድኩ፤ ወዲያው የአንቺ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ደወለ። አዎ እማዬ፣ ሰምቻለሁ። ሆቴሉም እንደ አንቺ አግባ ይላል።

ሁለተኛው ሁሉን ያካተተ ነው። ክንድሽ ላይ የፕላስቲክ አምባር ያስሩልሻል፤ አምባሩን እያሳየሽ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ሥጋውን፣ ቅቤውን፣ መጠጡን ያለ ሒሳብ ነው። አለቃዬ ፈቃድ የሰጠኝ ሳምንት ግን የመጋቢት መጀመሪያ ነው። ዐቢይ ጾም! የማልበላውን ሥጋና የማልጠጣውን ውስኪ አስቀድሜ ልከፍል ነው? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉዳዩን ለሐበሻ ሸንጎ አቀረብኩት። አንዱ «መንገደኛ አይጾምም» አለ። ሌላው «ዓሣ ብላ፤ ዓሣ ጾም ነው» አለ። ሦስተኛው «ማነው ዓሣ ጾም ነው ያለህ?» ብሎ ተነሣ። ይህን ክርክር እዚያው አሞራ ገደል ትተነው የመጣን መስሎኝ ነበር። እኔን ረስተውኝ እስከ ማታ ቀጠሉ።

ሦስተኛው ርካሹ ነው። ቁርስ አለው፤ አንሶላው በፎቶ ሲታይ ነጭ ነው፤ «ውሃ የሚያይ ክፍል» ይላል። እኔም የምፈልገው ውሃ ነው አልኩና ከፈልኩ።

(ትንሿ፣ እዚህ ላይ ዝለዪ። ለ5 ሌሊት፣ ከአውሮፕላኑ ጋር 1,100 ዶላር ነው። አንቺ በሒሳብ ጎበዝ እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ አንዱ ዶላር ከ120 ብር በላይ በሆነበት ዘመን ግን እባክሽ ለዛሬ አትጎብዢ።)

ካንኩን በአውሮፕላን አራት ሰዓት ያህል ናት። እንደ ሐዋሳ በፕላን የተቆረቆረች ልጅ ከተማ ነች፤ የሜክሲኮ መንግሥት በ1962 ዓ.ም. ገደማ ሥራዋን ሲጀምር ሐዋሳ አሥር ዓመት ግድም ቀድማት ነበር። ሆቴሎቹ የተሰለፉት የ7 ቁጥር ቅርጽ ባላት ቀጭን የአሸዋ መሬት ላይ ነው። በአንድ በኩል የካሪቢያን ባሕር ነው። በሌላው በኩል ምን እንዳለ ሳልጠይቅ ነው የሄድኩት።

ክፍሌ ገባሁ፣ መጋረጃውን በሁለት እጄ ገለጥኩ። እማዬ፣ ሐይቅ ነው።

የተኛ ሐይቅ። ዳሩ ላይ ቁጥቋጦ፣ ማዶው ብዥ ያለ፣ አንድ ረጅም እግር ያለው ወፍ ቆሞበታል። አባ ኮዳ ቢሆን ኖሮ አለቅስ ነበር። ሐዋሳ ተወልጄ፣ ስድስት ዓመት ጠብቄ፣ እቁቤን በልቼ ሐይቅ ልመልከት! ወርጄ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችውን ልጅ «ውሃ የሚያይ ብላችሁኝ ነበር» አልኳት። «ውሃ አይደለም?» አለችኝ። አስቤ ተመለስኩ። እኛስ በሐይቅ ዳር ከተማ ቆርቁረን ባሕር ዳር ብለን የለ? ብከሳት የሚፈረደው በእኔ ነው። ዳርቻው ላይ «አዞ አለ፤ አትዋኙ» የሚል ማስታወቂያ ተተክሏል። ልጅ ሆነን ወደ ሐይቁ ስንሮጥ «ጉማሬ!» እያልሽ የምትጮኺውን በስፓኒሽ ጽፈው ሰቅለውታል።

አልጋው ላይ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ፤ ከፎጣ የተሠራ ትልቅ ወፍ። አንገቱን ቀልብሶ ያየኛል። አንቺ ፎጣ አጥፈሽ ስትደረድሪ ያየሁ ሰው ይህን እንዴት ልፍታው? ማን ስንት ደቂቃ ደክሞበታል! ሁለት ቀን ገላዬን በሸሚዜ አደረቅሁ። ጠዋት ጠዋትም አልጋዬን ራሴ አነጥፍ ነበር። ጽዳት ሠራተኛዋ ስትገባ ትገረምና እንደገና ፈትታ ታነጥፈዋለች። በሦስተኛው ቀን አንሶላውን ገልብጬ ጠርዙን ሳይ አገኘችኝ። ቋንቋዋን አላውቅም፤ በእጄ እያጠብኩ አሳየኋትና «ማማ» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ በኋላ ወፎቹ ሁለት ሆኑ።

ባሕሩንስ? መንገድ ተሻግሬ አየሁት። በሜክሲኮ ሕግ የባሕር ዳርቻ የሕዝብ ነው፤ ርካሽ ሆቴል ያደረም ውድ ሆቴል ያደረም አንዱ አሸዋ ላይ ይቆማል። ሻይ ሳታዢ ሐይቁን ማየት ለሚቸግርባቸው ለእኛ ሀገር አንዳንድ ዳርቻዎች ይህን ሕግ በሻንጣ ብልክላቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ኪሎ ሞላ እንጂ። ጫማዬን አውልቄ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። በመዳፌ ዘገንኩና ቀመስኩ። እማዬ፣ ጨው ነው። አባባ እውነቱን ነበር። መቃብሩ ጋ ስትሄጂ ተረትቻለሁ በዪው።

ስለ ምግብ አትጨነቂ። ሜክሲኮ ለጾመኛ የተሰጠች ሀገር ናት፤ የበቆሎ ቂጣ አላቸው፣ ከፉል ዘመድ የሚሆን ባቄላ አላቸው፣ ሚጥሚጣ የሚያስንቅ ቃሪያ አላቸው። የባቄላው ቅባት የምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ይህን ለንስሐ አባቴ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ጥሬ ዓሣ በሎሚ ለውሰው ሲያመጡ ግን አስተናጋጁን «እኛ ሐዋሳ በአዋዜ ነው» አልኩትና ፊቴን አዞርኩ። ምራቄን መዋጤ ጾም ካስገደፈኝ እዳው የአሞራ ገደል ነው።

የሚገርመው፣ አራተኛው ቀን ላይ ማረፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የማነሣው ዕቃ፣ የምገፋው ሰው ስፈልግ አለቁ። አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋ ከብዷት ሳይ ሮጬ ተሸከምኩላት፤ ጉርሻ ሰጠችኝ። ማረፍ እንደ ዋና ነው፤ ውሃ አጠገብ ስለኖሩ ብቻ አይቻልም። እኛ ሐይቅ ዳር ኖረን ያየነው የሌላ ሰው ዕረፍት ነው። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነድቶ የሚመጣው ሁሉ ጉሬዛ ፎቶ ሲያነሣ፣ ጦጣ ዳቦውን ነጥቃው ሲስቅ፣ ማታ በፍቅር ሐይቅ ሽር ሲል አንቺ የተኛበትን አንሶላ ታጥቢ ነበር። እኔ ደግሞ ብስክሌት ላይ ሆኜ መኪናውን ልጠብቅለት እለው ነበር።

አሁን ቀኝ ጫማውን ፈትሺ። ካልሲው ውስጥ ፖስታ አለ። የጤፍ አይደለም፣ የዕድር አይደለም፣ ለማንም የሚበደር አይደለም። የአንቺና የትንሿ የአንድ ሌሊት ሆቴል ነው፤ እዚያው ሐዋሳ። «ቤት እያለኝ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። እኔም ቤት ነበረኝ።

የምትሄዱት ከፋሲካ በኋላ ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው፤ ቁርሱ በጾም እንዳይባክን። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከሠራው ሪዞርትም ይሁን፣ ከሌዊም ይሁን፣ የምትመርጪው አንቺ ነሽ፤ እንደ አንቺ ሆቴል የሚያውቅ የለም። ብቻ ሦስት ነገር ጠይቂ። ዋጋው ለክፍሉ ነው ወይስ ለሰው? ቁርስ አለው? ደግሞ «ውሃ የሚያይ» ካሉሽ አትመኚ፤ «ሐይቁን ነው ወይስ የውሃ ታንከሩን?» በያቸው።

እንጀራ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ጠዋት አልጋ እንዳታነጥፊ። የአንሶላውን ጠርዝ ገልብጠሽ ብታዪ ግን አልከለክልሽም፤ አይተሽ ንገሪኝ።

ያረፈው ልጅሽ