ለመዝናናት ነው

በክረምት ለመዝናናት ጅቡቲ እንደምትሄድ ለሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ሠርግ ተጠርቼ ነው በል፣ ይገባቸዋል። ዕቃ ወደብ ላይ ተይዞብኝ ነው በል፣ «አይዞህ፣ እሱ ይርዳህ» ብለው ከንፈር ይመጡልሃል። መኪና ላስወጣ ነው ካልክማ ትራንዚተር የሆነ የአክስቱን ልጅ የማይጠቁምህ ሰው የለም። «ለመዝናናት ነው» ስትል ግን መጀመሪያ አንተን ያዩሃል፣ ቀጥለው ሚስትህን ያያሉ፣ ከዚያ ወሬ ይቀይራሉ።

የነገሩ ጠንሳሽ ባለቤቴ ናት። አብራት የምታስተምር ጓደኛዋ ባሏን አስከትላ አውሮፓን በባቡር ዞራ መጣች። ፓሪስ ቁርስ፣ ሚላኖ ምሳ፣ ቪየና እራት። ፎቶውን በስልኳ ይዛ የመምህራን ክፍሉን ስታምስ ሰነበተች። እኛስ ከማን እናንሳለን ብለን ቪዛ ጠየቅን። በነፍስ ወከፍ 90 ዩሮ ተቀበሉንና ወደ አገራችን ስለመመለሳችን እርግጠኛ መሆን እንዳልቻሉ የሚገልጽ ወረቀት ሰጡን። የኮንዶሚኒየም ዕዳዋን ያልጨረሰች፣ በዚያ ላይ የዕቁብ ዳኛ የሆነች ሴት ወዴት ትጠፋለች? ብትጠፋስ ዕቁብተኛው ቪየና ድረስ ሄዶ አንቆ ይመልሳት የለ!

ባለቤቴ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ባቡር ከሆነ ባቡር እኛም አገር አለ» አለች። «ፈረንሳይም ከሆነ ጅቡቲ አለች።»

እውነቷን ነው። ባቡሩን የዘረጉልን ፈረንሳዮች ናቸው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ፤ ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተረከበው፣ እንዲህ እንዲህ ሲል አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። እምዬ ምኒልክ ይህን አላዩም፤ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር። የዚያ የ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ አብዛኛው ዛሬ ዝጎ ተኝቷል። ቻይናዎች የሠሩት የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 መደበኛ ሥራውን ጀመረ፤ የሚነሳውም ከለገሀር ሳይሆን ከለቡ ነው። ከሰፈራችን ከኮተቤ ለቡ መድረስ ደግሞ በራሱ አንድ አገር መሻገር ነው።

ታሪክ አነባለሁ ባይ ስለሆንኩ፣ ከመነሳታችን በፊት በዚህ መስመር ለመዝናናት ብሎ የተጓዘ ሰው ፈለግሁ። ቡና ተጉዟል፣ ቆዳ ተጉዟል፣ ጫት ተጉዟል። በ1923 ዓ.ም. ለጃንሆይ የንግሥ በዓል ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች ከጅቡቲ በዚሁ ባቡር ወጥተዋል፤ እነሱ ግን ተልከው ነው። ጃንሆይ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚሁ ባቡር ተሳፍረው ጅቡቲ ወረዱና ኤንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ስደት ሄዱ። እሳቸውም ለመዝናናት አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መምህር የሚያርፈው በክረምት ነው። ጅቡቲ የምትነደውም በክረምት ነው።

ባቡሩ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጡት በአሮጌው ምድር ባቡር ሲሠሩ የኖሩ የድሬዳዋ አዛውንት ነበሩ፤ በየመሐሉ ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋሉ። ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ እያልን መተሐራን እስክናልፍ የልጆቻቸውን ታሪክ ነገሩንና የእኛ ተራ ደረሰ።

«እናንተስ? ምን ልትሠሩ ነው?»

«ለመዝናናት ነው፣ አባቴ።»

ጆሯቸው አታሏቸው መስሏቸው እንደገና ጠየቁኝ። ደገምኩላቸው። ትንሽ አሰቡና «ልጄ» አሉኝ፣ «በዚህ ወር እኮ ጅቡቲ ራሷ ጅቡቲ ውስጥ የለችም።»

ነገሩ የገባኝ ድሬዳዋ ስንደርስ ነው። ከመድረሳችን በፊት ግን ከሚኤሶ ወዲያ ባቡሩ ቆመ። ግመሎች ሐዲዱ ላይ ወጥተው ነው። ከኋላቸው አንድ ብላቴና ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን ዱላው ላይ ሰቅሎ፣ ምንም ሳይቸኩል ይራመዳል። ባለቤቴ ሰዓቷን ስታይ አዛውንቱ «ተያቸው፣ ከሐዲዱ ቀድመው የመጡት እነሱ ናቸው» አሏት። ዓለም ላይ ካሉት ዘመናዊ ባቡሮች አንዱ ግመል እስኪያልፍ ጠበቀ።

ድሬዳዋ ከዚራ ጥላው ሥር አልጋ ፍለጋ ስንዞር የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ «ጅቡቲዎች ይዘውታል።» የጅቡቲ ሰው ሙቀቱ ሲበረታበት ቤተሰቡን ይዞ ወደ እኛ ይወጣል፤ ገንዘብ ያለው አዲስ አበባና ቢሾፍቱ ድረስ ይዘልቃል። በስንት ልመና አንዲት ክፍል የሰጡን እናት፣ ቁልፉን ሳይለቁ «ወደ ውስጥ ናችሁ ወይስ ወደ ጅቡቲ?» አሉ። ጅቡቲ አልናቸው። «ለቅሶ ነው?»

ከድሬዳዋ ወዲያ የእኛ ባቡር ግማሹ ባዶ ነበር። ከወዲያ የሚመጣው ግን ሕፃን፣ አያት፣ ፔርሙስ፣ ብርድ ልብስ ሳይቀር ጭኖ ጢም ብሏል። ብርድ ልብስ! ባለቤቴ ዓይኗ ብርድ ልብሱ ላይ ቀረ።

ድንበር ላይ ፓስፖርታችንን የተቀበለው ወጣት አማርኛ ይችላል። ገጹን እያገላበጠ «የሥራ ጉዳይ?» አለ። አይደለም። «ዘመድ?» የለንም። «ታዲያ?» ባለቤቴ ደረቷን ነፍታ «ለመዝናናት ነው» አለችው። ልጁ ሻንጣችንን አየ፣ የእኔን ሽበት አየ፣ ማህተሙን እጁ ላይ ይዞ ቆየ። በዚያን ጊዜ ትንሽ ተናድጄ ነበር። ንዴቴ የበረደው በመስኮት ነው። በዚያ ጥቁር ድንጋይ መሐል፣ ዛፍ በሌለበት፣ የአገሬ ልጆች በሰልፍ ይሄዳሉ። በእግራቸው ነው። ነጠላ ጫማ፣ በገመድ አንገት ላይ የተንጠለጠለ የውኃ ፕላስቲክ፣ ሌላ ምንም። ኦቦክ ይደርሳሉ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። አንደኛው ቀና ብሎ ባቡሩን አየ። ባለቤቴ ፎቶ ለማንሳት የያዘችውን ስልክ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል «ለመዝናናት» የሚል ሲመጣ ማህተም ይዞ ማሰብ ኃጢአት አይደለም።

ናጋድ ጣቢያ ስንወርድ መሽቷል። የባቡሩ በር ሲከፈት የተቀበለን አየር አክንባሎ ሲነሳ ፊትን የሚገርፈው እንፋሎት ነው፤ ልዩነቱ ሥሩ እንጀራ የለም። ጣቢያው ከከተማው ራቅ ስለሚል አረንጓዴና ነጭ ቀለም የተቀባ ታክሲ ያዝን። ሾፌሩ አማርኛውን ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው «ከዘፈን» አለኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ የጠፋው የመጣንበትን ጉዳይ ስነግረው ነው። አዘነልን መሰለኝ ዋጋ ቀነሰ።

በማግሥቱ በጠዋት ምኒልክ አደባባይ ወጣን። አደባባዩ በነፃነት ቀናቸው በጁን 27 ተሰይሟል፤ እኛ በአቆጣጠራችን ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. የምንለው ነው። አሮጌው ስሙ ግን ከሰው አፍ አልወጣም። ዙሪያውን ነጭ የተቀቡ፣ ቅስት በረንዳ ያላቸው የፈረንሳይ ዘመን ቤቶች አሉ። ባለቤቴ ቅስቱ ሥር ቆማ ፎቶ ተነሳችና ለጓደኛዋ ላከች። «ኒስ ናችሁ?» የሚል መልስ መጣ። አልመለሰችላትም።

ገንዘብ የሚመነዝሩት መንገድ ዳር የተቀመጡ ሴቶች ናቸው። ወፍራም ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የየአገሩን ብር በላስቲክ አስረው፣ ባንክ የሚያዞርህን ጉዳይ በአፍታ ይጨርሱልሃል። የእኛዋ ዶላራችንን ለብርሃን ከፍ አድርጋ አየችና በድሬዳዋ አማርኛ «እህቴ፣ ዕቃችሁ ምንድነው? ጎማ ነው? ሽቶ ነው?» አለቻት።

«ዕቃ የለንም።»

«ታዲያ ምን ቸገራችሁ?»

ይህን ጥያቄ ባለቤቴ አልሰማችውም፤ ሒሳብ ውስጥ ገብታለች። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ ከዶላር ጋር ተጣብቋል፤ 1 ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው፣ ፈቀቅ አይልም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ በየማለዳው የባንክ ምንዛሪ እያየች ለምትነቃ ሴት ይህ ከባሕሩ የበለጠ የሚታይ ነገር ነው። «ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ነው እኮ» አለችኝ፣ «ሰማንያ ዓመት ከዶላር ጋር!» የመጣንበትን መዝናናት ያገኘችው እዚያ ነው።

እኔ ደግሞ ባሕር አማረኝ። የትናንቱን ሾፌር ጠራነው። መንገድ ላይ ሳለን ከተማው ድንገት ተቅበጠበጠ፤ ጥሩንባ፣ ሩጫ፣ መኪና በመኪና ላይ። ጫት ገባ። ከሐረርጌ በየቀኑ የሚመጣው ጫት እኩለ ቀን ላይ ሲደርስ እርጥብ ጨርቅ የተሸፈኑት የሴቶቹ ጠረጴዛዎች ይከበባሉ። ሾፌራችን መኪናውን ዳር አስይዞ «አምስት ደቂቃ፣ አባቴ» ብሎ ወረደ። አምስት ደቂቃው ረዘመ። እጁ ላይ እስሩን ይዞ ሲመጣ ፊቱ በርቷል፤ ነገር ግን ወደ ባሕር የሚሄድ ሰው ፊት አልነበረም። «አሁን ባሕር የለም» አለን። «አሁን ቤት ነው። ማታ እመጣለሁ።» ማንም ላይ ቂም አልያዘም፣ ማንንም አላታለለም፤ የአገሩን ሕግ ነገረን። ሱቁ ሁሉ ተዘጋ፣ መንገዱ ላይ ሰው ጠፋ፣ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ጅቡቲ የፀሐይና የሁለት መምህራን ሆነች። ከግድግዳ ጥላ ወደ ግድግዳ ጥላ እየዘለልን ሆቴላችን ገባን፤ የፎቶ ነገር አልተነሳም።

ማታ ሾፌሩ በቃሉ መጣና የየመኖች ዓሣ ቤት ወሰደን። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ ይዘረጋል፣ ቀይ በርበሬ ይለቀለቃል፣ እንደ ጉድጓድ በጠለቀ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ጠርዙ እስኪጠቁር ይጠበሳል፤ ከዚያ እንደ ሞሰብ ክዳን ከሰፋ ትኩስ ቂጣ ጋር ጋዜጣ ላይ ይቀርባል። ሹካ የለም። ባለቤቴ ሆዱን አልፋ ጉንጩ ላይ ደረሰች፣ አጥንቱን በረድፍ ደረደረችው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቀና አለች።

ቀና ስትል አጠገባችን ያለው ጠረጴዛ ላይ ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ ፈረንጆች ተቀምጠዋል። ወታደሮች ናቸው። በዚህች ትንሽ አገር ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ አሜሪካ፣ ጃፓንና ቻይና የጦር ሰፈር አላቸው። አንደኛው በእንግሊዝኛ ከየት እንደመጣን ጠየቀን። «ለሥራ?» አለ።

«ለመዝናናት» አለች ባለቤቴ።

ሳቁ። ክፋት የለበትም፤ የወዳጅነት ሳቅ ነው። እሷ ግን ቦርሳዋን ከፈተች፤ ያቺ ወረቀት እዚያው ነበረች። አላሳየቻቸውም። ለእኔ ብቻ በአማርኛ «ፈረንሳዮች ኦቦክን በውል የገዙት መቼ ነበር?» አለችኝ። በ1854 ዓ.ም. አልኳት። «አየህ» አለችና አፏን በወረቀቷ ጫፍ ጠረገች፣ «እነሱ ሲመጡ ስለመመለሳቸው እርግጠኛ የሆነ ሰው ነበር?» አውሮፓን በባቡር ለማየት ተነስተን፣ አውሮፓን አንድ ዓሣ ቤት ውስጥ አገኘናት፤ ያውም ከነጫማዋ ተደላድላ።

በመጨረሻ አሳል ሐይቅን አየን። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ፣ የአፍሪካ ዝቅተኛው ሥፍራ ነው፤ ውኃው ከባሕር አሥር እጥፍ ገደማ ይጨዋል። በክረምት እዚያ ቆሞ መደነቅ ስለማይቻል መኪና ውስጥ ሆነን ተደነቅን። ዳሩ ላይ ነጭ ጨው እንደ በረዶ ተነጥፏል። የአፋር ቅፍለቶች ከዚህ ጨው ጭነው ሸዋ ድረስ ይወጡ ነበር፤ ከባቡሩም፣ ከወደቡም፣ ከጎማውም በፊት አገራችን ከዚህ ወገን የምታስገባው ሸቀጥ ጨው ነበር። ባለቤቴ ወረደች፣ ጎንበስ አለች፣ አንድ ፌስታል ሞልታ ሮጣ ገባች።

ስንመለስ ባቡሩ በጅቡቲ ቤተሰቦች ተሞልቶ ነበር። ለመዝናናት ነው የሚሄዱት፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

ድንበሩን ስንሻገር ፈታሹ የእኛ ሻንጣ ላይ ቆመ። ከጅቡቲ የሚመለስ ሰው ሽቶ ይይዛል፣ ጨርቅ ይይዛል፣ ስልክ በካልሲ ይጠቀልላል። የእኛ የቆሸሸ ልብስ ብቻ ነው። ባዶነቱ ይበልጥ አጠራጠረው፤ የሻንጣውን ገበር ዳበሰ፣ የጫማዬን ሶል አጠፈ። ከታች ፌስታሉን ሲያገኝ ፊቱ በራ። ፈታው፣ በጣቱ ነካ፣ ቀመሰ፣ ፊቱን አጨማደደ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጨው ነው፣ ልጄ።»

«ከጅቡቲ ጨው ብቻ? ለንግድ ነው?»

እኔ የለመድኩትን ልመልስ አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ።

«ለሽሮ ነው» አለችው። ወዲያው አሳለፈን።