አራስ ቤት በአራተኛ ፎቅ

ከሆስፒታል ወጥተን ኮንዶሚኒየማችን ስንደርስ ሊፍት የሌለው ደረጃ ቀድሞ ተቀበለን። ባለቤቴ ልጁን ታቅፎ ከፊት፣ እናቴ ክንዴን ይዛ ከጎኔ፣ እኔ በየመታጠፊያው ግድግዳ እየተደገፍኩ አራተኛ ፎቅ ደረስን። ጎረቤቶች እልል ብለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ። ምርቃቱ ደስ ይላል። አስከትለው የሚሏት ግን አንጀቴን ቆረጠችኝ፦ «አንቺማ ምን አለብሽ፣ ሳታምጪ ገላገሉሽ!»

ሌሊቱን ሙሉ ሳምጥ አድሬ፣ የልጁ የልብ ምት ሲወርድ ነው ኦፕራሲዮን ክፍል የገባሁት። ባላምጥስ ኖሮ? ከላይ የሚታየው ስፌት የቆዳው ብቻ ነው፤ ከሥሩ ማህፀኑም ተቀዶ ተሰፍቷል። ቆዳው ቶሎ ይገጥማል፣ የውስጡ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ከልጁ የሚከብድ ነገር እንዳላነሳ የተነገረኝ።

ከአልጋ መነሳት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ጉልበትን አጥፎ በጎን መዞር፣ እግርን ወደ ወለሉ ማውረድ፣ ከዚያ በክርን ተደግፎ ቀና ማለት። ቡና ሲቆላ ጭሱ ያስለኛል፤ ያኔ ትራሱን ስፌቱ ላይ አጥብቄ እይዛለሁ። ሳቅም እንደዚያው ነው፤ ጠያቂ ጨዋታ ሲጀምር ትራሴን እፈልጋለሁ። የሆድ ድርቀቱን ደግሞ እናቴ አወቀችበት፤ ገንፎውን በቅቤ አድርጋ፣ ተልባ በጥብጣ አጠጣችኝ። ማማጥ ስፌት ለሚስበው ሰው ተልባ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ቀን ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ከዚያም ነደድኩ። እናቴ «ምች ነው ልጄ» ብላ ዳማከሴ ልትቀጠቅጥ ተነሳች። ደግነቱ ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ሲስተር ከተረኝነት ስትመለስ ልትጠይቀኝ ገባች። ፋሻውን ገልጣ አየችው። የስፌቱ ግራ ጫፍ ቀልቶ አብጧል፣ ሽታ ያለው ፈሳሽም ይዟል። «እማማ፣ ይሄ ምች አይደለም፤ ቁስሉ አመርቅዟል» አለች። ያንን ሁሉ ደረጃ በሌሊት ወረድን። ሐኪሙ ቁስሉን ከፍቶ አጠበው፣ አንቲባዮቲክ አዘዘልኝ፤ ማጥባቴን እንድቀጥልም ነገረኝ።

እናቴን አልወቅስም። ስወጣ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ከቀጠሮ ቀን በቀር ስለ ትኩሳት፣ ስለ መቅላት፣ ስለ ሽታ የተጻፈ ነገር አልነበረም። አራስ የምታስታምመው እናት ናት፤ ምክሩ ለእሷ ጭምር፣ አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ በደንብ ሊነገር ይገባል። አባትየውም ቢሆን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲፈቅድ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። የእኔ ባለቤት ሥራ ሲገባ እኔ ገና ብቻዬን ቀና ማለት አልችልም ነበር። የድሮዎቹ በዚህ ይሻላሉ። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በ40 ቀኑ ነው፣ ሐኪሞች የሚሉት 6 ሳምንትም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ እስከዚያ አራስን ማንም ሥራ አያዛትም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ቡናው ጎረቤት ቤት እየተቆላ ይመጣ ጀመር። ሲስተር የነገረቻትን እናቴ አንድም አልረሳችም፤ ጠዋት ጠዋት እጇን በሳሙና ታጥባ ፋሻዬን ገልጣ ታያለች፣ ግንባሬን ትዳስሳለች። «ሳታምጪ» የሚል እንግዳ ሲመጣም መልሱን ለእኔ አትተወውም፦ «ሆዷ ተቀዶ ነው የወለደችው። በሉ አልጋው ላይ አትቀመጡባት!»